«ምንም አልጎደለኝም፤ ታዲያ ለምን?» ስለ ድባቴ ጥናቶች የጠየቃችሁን

ስለ ድባቴ ጥያቄ ላኩልን ብለን ነበር። የመጣው ከጠበቅነው በላይ ነው። የሚገርመው ደግሞ፣ ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት ስለ መድኃኒት አይደለም፤ የሆነ ቦታ ስላነበባችሁት ጥናት ነው። «ከድባቴ ጋር ተያያዥነት ያላቸው ሁኔታዎች» የሚል ዝርዝር ታዩና ራሳችሁን እዚያ ውስጥ ትፈልጋላችሁ። ካገኛችሁት ትደነግጣላችሁ፣ ካጣችሁት ደግሞ ግራ ይገባችኋል። እስኪ አንድ በአንድ እንያቸው።

ጥያቄ፦ አንዱ ጥናት ከአሥር ተማሪ አንዱ ድባቴ አለበት ይላል። ሌላው ከአሥር አራቱ ይላል። የቱን ልመን? ዝም ብለው ነው እንዴ ቁጥር የሚጽፉት? (ግራ የገባው)

መልስ፦ ዝም ብለውስ አይደለም። ግን የቆጠሩት አንድ ነገር ላይሆን ይችላል።

አብዛኛው እንዲህ ያለ ጥናት ሐኪም ቁጭ ብሎ እያንዳንዱን ሰው መርምሮ የደረሰበት አይደለም። ወረቀት ይታደላል፣ ሰው ይሞላል፣ ነጥብ ይደመራል። በብዛት የሚሠራበት ፒኤችኪው-9 የሚባል፣ በ2001 ይፋ የሆነ መጠይቅ ነው። ዘጠኝ ጥያቄ አለው፤ የሚጠይቀውም ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ብቻ ነው። ነገሮች አላስደስት ብለውህ ነበር? ከፍቶህ ነበር? እንቅልፍህስ፣ ድካምህስ፣ የምግብ ፍላጎትህስ? ራስህን መጥላት፣ ሐሳብ አልሰበሰብ ማለት፣ መፍዘዝ ወይም መቁነጥነጥ ነበረብህ? መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ ብሞት ይሻለኛል ብለህ አስበህ ነበር? ለእያንዳንዱ «በጭራሽ» ካልክ 0፣ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» ካልክ 3 ታገኛለህ። ድምሩ ከ27 ነው። 10 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው በብዙ ጥናቶች ውስጥ «ድባቴ ያለበት» ተብሎ ይቆጠራል።

አሁን ከወለደች ሦስት ሳምንት የሆናትን እናት አስብ። እንቅልፍ? የለም፤ 3። ድካም? ምን ይጠየቃል፤ 3። ምግብ? ሲመቻት ትቀምሳለች፣ ሳይመቻት ትተወዋለች፤ 2። ሐሳብ መሰብሰብ? በእጇ የያዘችውን ስልክ ስትፈልግ ነው የዋለችው፤ 2። ድምሩ 10 ሞላ። ሴትዮዋ ግን አልከፋትም፣ ደስታዋም አልጠፋም፤ ሕፃኑ አላስተኛ ብሏት ነው። ወረቀቱ ይህን በምን ይወቅ? ለወለዱ እናቶች ተብሎ በ1987 የወጣው የኤዲንብራ መጠይቅ «አልተኛሁም» ብቻ ሳይሆን «ከመከፋቴ ብዛት መተኛት አቅቶኛል» የሚለውም ለዚህ ነው። (መጠይቅ የሚያዘጋጅ ሰው ይችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለጥፎ ቢያስቀምጣት ደስ ይለኛል።)

ሒሳቡንም ልንገርህ። 1,000 ሰው አለ እንበል፤ በሐኪም ቢመረመሩ 100ው የድባቴ ሕመም ይገኝባቸዋል። መጠይቁ ከታመሙት ከመቶ 88ቱን ያገኛል፣ ካልታመሙት ደግሞ ከመቶ 15ቱን በስህተት «አለባችሁ» ይላል። ይህ ለመጠይቅ በጣም ጥሩ ውጤት ነው። ከ100ው 88 ያዘ። ከቀሩት 900 ጤነኞች ደግሞ 135 ያዘ። ሲደመር 223። እውነተኛው ከመቶ 10 የነበረው ወረቀቱ ላይ ከመቶ 22 ሆነ ማለት ነው። ማንም አልዋሸም።

በ2016 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ከ40 በላይ አገሮች ስላሉ የሕክምና ተማሪዎች የተሠሩ ሥራዎችን አንድ ላይ አሰባስቦ ነበር። አማካዩ ከመቶ 27 ገደማ ሆነ። ግን እንደ መለኪያው ዓይነት ሲለያዩት፣ ቁጥሩ ከመቶ 9 ተነስቶ እስከ 56 ገደማ ሄደ። ሁሉም የሕክምና ተማሪዎች ናቸው፤ የተለያየው መለኪያው ነው። ለማነጻጸሪያ ያህል፣ የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች ከመቶ 5 ያህሉ ድባቴ እንዳለባቸው ይገምታል። ስለዚህ ቁጥር ስታይ መጀመሪያ «በምን ተለካ?» በል። ያ ካልተጻፈ እለፈው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው። ሥራ አለኝ። ልጆቼ ደህና ናቸው። ጥናቶቹ የሚጠቅሱት ድህነት፣ ፍቺ፣ ሥራ ማጣት እኔ ጋ የለም። ግን ይኸው ወራት ሆነኝ፣ ጠዋት መነሳት ያቅተኛል፣ ምንም ነገር አያስደስተኝም። ድባቴ ነው ወይስ ምስጋና ቢስ ሆኜ ነው? (ምንም ያልጎደላት)

መልስ፦ እህቴ፣ ምስጋና ቢስነት ሰውን ለወራት አልጋ ላይ አያስቀርም።

ዝርዝሩ የሚናገረው ስለ ብዙ ሰው እንጂ ስለ አንቺ አይደለም። 100 ሰው ውሰጂ፤ 10ሩ ሥራ የላቸውም፣ 90ው አላቸው። ሥራ ማጣት ድባቴን በእጥፍ ያበዛል እንበል፤ ሥራ ካጡት ከመቶ 20፣ ሥራ ካላቸው ከመቶ 10 ይታመማሉ። ሥራ ካጡት 2 ሰው፣ ሥራ ካላቸው 9 ሰው ታመመ ማለት ነው። ከታመሙት ከ11ዱ 9ኙ «ምንም ያልጎደላቸው» ናቸው። ጥናቱም ትክክል ነው፣ አንቺም ትክክል ነሽ።

ሌላም ነገር አለ። ጆርጅ ብራውን እና ቲሪል ሃሪስ በደቡብ ለንደን ካምበርዌል በሚባል ሰፈር የሚኖሩ ሴቶችን አጥንተው ውጤቱን በ1978 አውጥተዋል። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ከባድ የኑሮ ገጠመኝ ለድባቴ እንደሚያጋልጥ ማሳየታቸውን ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ግማሽ ነው፦ ከባድ ነገር ከደረሰባቸው ሴቶች ብዙዎቹ አልታመሙም። ልዩነት ካመጡት ነገሮች አንዱ ደግሞ የልብን የሚያጫውቱት ሰው መኖር አለመኖሩ ነበር። ባል ስላለ አይደለም፤ የልብ የሚነገረው ሰው ስላለ ነው። እና ልጠይቅሽ፣ «ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው» ብለሻል። ለእኛ የጻፍሽውን ለእሱ ነግረሽዋል?

ሐኪም ዘንድ መሄድም አለብሽ። ሁለት ሳምንት ከበቂ በላይ ነው፣ አንቺ ወራት ብለሻል። የእንቅርት ዕጢ መዛባትና የደም ማነስም እንዲህ ስለሚያደርጉ፣ የደም ምርመራ ያዙልሽ ይሆናል። ስትገቢ «ድካም አለብኝ» ብለሽ ብቻ አትውጪ። ምንም አያስደስተኝም ያልሽውን እንዳለ ንገሪያቸው።

ጥያቄ፦ እናቴ ለረጅም ጊዜ ድባቴ ነበረባት። አሁን እህቴንም ጀመራት። የድባቴ ጂን አለ ይባላል። ተራዬን እየጠበቅኩ ነው ማለት ነው? (ሦስተኛው ልጅ)

መልስ፦ ተራ የሚባል ነገር የለም። ወላጅ ወይም ወንድምና እህት ታሞበት የሚያውቅ ሰው ዕድሉ ከሌላው ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ይሄ በደንብ የተረጋገጠ ነው። መንትዮች ላይ የተሠሩ ጥናቶችም በሰዎች መካከል ካለው ልዩነት ከመቶ 37 ገደማው ከዘር ጋር እንደሚያያዝ ያሳያሉ። «37 በመቶ እታመማለሁ» ማለት ግን አይደለም። ይህን ስህተት ጋዜጠኞችም ይሠሩታል።

«የድባቴ ጂን» የሚለው ወሬ ትልቅ ታሪክ አለው። በ2003 ኒውዚላንድ ውስጥ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ክትትል ሲደረግላቸው በነበሩ ሰዎች ላይ አንድ ጥናት ወጣ። ሴሮቶኒን ከሚባለው የአንጎል ኬሚካል ጋር የተያያዘ የአንድ ጂን አጭር ቅርጽ ያላቸው ሰዎች፣ ችግር ሲደራረብባቸው ከሌሎች ይልቅ ለድባቴ ይጋለጣሉ አለ። ዓለም ጉድ አለ። በየመጽሔቱ ተጻፈ። በ2009 ግን 14 ጥናቶች ተሰብስበው እንደገና ሲታዩ ጂኑ ምንም አላመጣም፤ የኑሮ ችግሩ ብቻ ከድባቴ ጋር ተያይዞ ተገኘ። በ2019 ደግሞ ከ800 ሺህ በላይ ሰዎች በተካተቱበት ሥራ፣ እያንዳንዳቸው እጅግ ጥቂት የሚያበረክቱ ከድባቴ ጋር የሚያያዙ 102 የጂን ቦታዎች ተለዩ። አንድ ጂን ተይዞ «ያዝኩህ» የሚባልበት ነገር አይደለም።

ደግሞ ከእናትህ የወረስከው ጂን ብቻ አይደለም። እናት ታማ የምታሳልፈው ቤት ውስጥ ማደግም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ምልክቱን ከብዙ ሰው ቀድመህ ታውቀዋለህ፤ በራስህ ላይ ካየኸው ቶሎ ታከም። እስከዚያው ራስህን በየጠዋቱ አትመርምር፣ እሱ ራሱ ያስጨንቃል።

ጥያቄ፦ አባታችን ልቡን ከታመመ ወዲህ ዝም ብሏል። አይበላም፣ ሰው አያናግርም። «ልቤን ያመመኝ በሐዘን ነው» ይላል። እኛ ደግሞ ሕመሙ ነው ያሳዘነው እንላለን። ማነው ትክክል? (የልጆቹ ታላቅ)

መልስ፦ ሁላችሁም ልትሆኑ ትችላላችሁ። በልብና በድባቴ መካከል ያለው መንገድ በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል፤ ስኳርም እንደዚያው ነው። በ1993 ሞንትሪያል ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ደርሶባቸው የተረፉ 222 ሰዎች ተጠንተው፣ ድባቴ የነበረባቸው በስድስት ወር ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ በግልጽ ከፍ ብሎ ተገኘ። ታዲያ ድባቴውን ብናክመው ሰው ይተርፋል ተባለ። ወደ 2,500 የሚጠጉ ታማሚዎች የተሳተፉበት ሙከራ ተደረገና በ2003 ውጤቱ ወጣ። ስሜታቸው ተሻሻለ። ሞቱ ግን አልቀነሰም። ተያያዥ የሆነ ሁሉ መንስኤ አይደለም ሲባል ይህን የመሰለ ነገር ነው።

ለእርስዎ ግን ይህ ሁለተኛ ጉዳይ ነው። ድባቴው መታከም ያለበት ልብ ስለሚያድን ሳይሆን አባትዎ እየተሰቃዩ ስለሆነ ነው። መብላት ያቆመ አረጋዊ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ለልብ ሐኪማቸው በዚሁ ሳምንት ይንገሩ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘው ይሂዱ። ጆሯቸውንም ያስመርምሩልኝ። ዝም ያለ አረጋዊ አንዳንዴ የማይሰማ አረጋዊ ነው።

ጥያቄ፦ ድባቴ የሴቶች ነው ይባላል። እውነት ነው? (ወንዱ)

መልስ፦ በቁጥር ሴቶች ወንዶችን በግማሽ ያህል ይበልጣሉ። ግን መጠይቁ «ታለቅሳለህ ወይ» ካለና ወንዱ የሚጠጣና የሚቆጣ ከሆነ፣ የት ይመዘገባል? ራስን በማጥፋት ከሚሞቱት ውስጥ ወንዶች ከሴቶች ከእጥፍ በላይ ናቸው። ከፍቶህ ነው የጠየቅኸው እንዴ? ከሆነ መልሰህ ጻፍልን፣ ወይም ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገር።

ጥያቄ፦ ድባቴ የሀብታም አገር በሽታ አይደለም? ድሃ ለመደበር ጊዜ የለውም። (አስተያየት ሰጪ)

መልስ፦ ይቺን አባባል ብዙ ሰው ይወዳታል። ጥናቱ ግን በተቃራኒው ነው፤ እዚያው አገር ውስጥ ድሃው ከሀብታሙ የበለጠ ይታመማል። ገቢ ሲወድቅ ድባቴ ይጨምራል፣ ለድሃ ቤተሰብ ገንዘብ ሲሰጥ ደግሞ ይቀንሳል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ «ተያያዥ» ከማለት አልፎ መንስኤ ማለትም ይቻላል።

የሚለየው አጠራሩ ነው። ዚምባብዌ ውስጥ በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ አብዝቶ ማሰብ እንደማለት ነው። ሰውየው «ድባቴ አለብኝ» አይልም፤ ራሴን ያመኛል፣ ሐሳብ በዛብኝ ይላል። እዚያ በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር አስቀምጠው፣ አጭር ሥልጠና የወሰዱ የሰፈር እናቶች ሰውን አስቀምጠው ችግሩን አብረው እየፈቱ ያነጋግሩ ነበር። በ2016 በወጣው ሙከራ፣ እንዲህ ከታገዙት ውስጥ ከስድስት ወር በኋላ የድባቴ ምልክት የታየባቸው ከመቶ 14 ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ የተለመደውን አገልግሎት ካገኙት ግን ከመቶ 50 ያህሉ።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጽሑፌ በተማሪዎች ላይ «የድባቴ መንስኤዎች» ብዬ እየሠራሁ ነው። 30 ተለዋዋጮች (ከድባቴ ጋር ይያያዙ እንደሆን የማያቸው ነገሮች) አሉኝ፣ መጠይቁን አንድ ጊዜ ነው የማስሞላው። ምን ትመክሩኛላችሁ? (ተመራቂው)

መልስ፦ መጀመሪያ ርዕሱን ቀይር። አንድ ጊዜ አስሞልተህ «መንስኤ» ማለት አትችልም። ብቸኝነት ነው ያስደበረው ወይስ ድባቴው ነው ከሰው ያራቀው? የዚያን ቀን ወረቀት ላይ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። «ተያያዥ ሁኔታዎች» በል፣ መደምደሚያህ ላይም አትርሳው። ርዕሱ ላይ «ተያያዥ» ብሎ መደምደሚያው ላይ «ያስከትላል» የሚል ጽሑፍ ስንቱን አንብቤያለሁ።

30 ተለዋዋጭ በዝቷል። በተለመደው የ5 በመቶ መለኪያ (በአጋጣሚ የመሳሳት ዕድልን ከመቶ 5 ላይ በሚወስነው) ከሄድክ፣ አንዱም ከድባቴ ጋር ባይገናኝ እንኳ አንድ ሁለቱ በአጋጣሚ ብቻ «ተያያዥ» ሆነው ይወጡልሃል። ከዚያ ስለ እነሱ ሦስት ገጽ ትጽፋለህ። በፊት የተሠሩትን አንብበህ ስምንት አሥር ምረጥ።

ዋናው ግን ይህ ነው። የምታስሞላው ፒኤችኪው-9ን ከሆነ፣ ዘጠነኛዋ ጥያቄ ላይ፣ ብሞት ይሻለኛል የምትለዋ ላይ፣ ከ0 በላይ የሚመልስ ተማሪ መኖሩ አይቀርም። ምን ልታደርግ ነው? ስም የማይጻፍበት መጠይቅ ከሆነ ማን እንደሆነ አታውቅም፣ ውጤቱን የምታየው ደግሞ ምናልባት ከወር በኋላ ነው። ስለዚህ እርዳታ የሚገኝበት ስልክና ቢሮ እዚያው ወረቀቱ ላይ፣ ተቀዶ በሚወሰድ ቁራጭ፣ ከጥያቄዋ ሥር ይታተም። ከማሳተምህ በፊት ደግሞ በዚያ ስልክ ራስህ ደውለህ የሚያነሳ ሰው መኖሩን አረጋግጥ።