ዱቤ የሚሰጡኝን የጤፍ ነጋዴ ልተዋቸው?

ጥያቄ፦ ለዝግጅት ክፍሉ። በአዲስ አበባ እንጀራ እየጋገርኩ ለምግብ ቤቶችና ለሱቆች አከፋፍላለሁ። ሠራተኞቼ አራት ናቸው፤ በሳምንት አራት ኩንታል ያህል ጤፍ ይበቃናል። ጤፉን ለስድስት ዓመት የወሰድኩት እህል በረንዳ ካሉ አንድ ነጋዴ ሲሆን፣ የ15 ቀን ዱቤ ይሰጡኛል። ሰሞኑን ግን ነጭ ብለው የላኩልኝ ጤፍ ሁለት ጊዜ ሰርገኛ የተቀላቀለበትና አሸዋ ያለበት ሆነብኝ። በዚህ መካከል ጤፍ በመኪና ጭኖ የሚያመጣ ሌላ ነጋዴ በኩንታል 700 ብር ቀንሶ፣ ነገር ግን እጅ በእጅ፣ ሊሸጥልኝ መጣ። የቀድሞው ነጋዴ ባለቤቴ የታመመ ጊዜ ሳይጨቀጭቁ ሁለት ወር የታገሡኝ ሰው ስለሆኑ ትቼያቸው መሄድ ነውር መስሎ ይታየኛል፤ መቆየቱም ያከስረኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?
እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሁለቱ ነጋዴዎች የሚሸጡልዎ አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። አዲሱ ነጋዴ የሚሸጠው ጤፍ ብቻ ነው፤ የቀድሞው ጤፍና የ15 ቀን ብድር አንድ ላይ ይሸጣሉ። ስለዚህ 700 ብሩ ምናልባት የጤፍ ዋጋ ልዩነት ሳይሆን የብድሩ ዋጋ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያውቁት ነጋዴውን በግልጽ ሲጠይቋቸው ነው፦ «ዛሬ ከፍዬ ብወስድ ስንት ነው? በዱቤ ብወስድስ?» ብለው ሁለት ዋጋ ያስነግሯቸው። ይህ ጥያቄ ቅያሜ የሚያመጣ አይደለም፤ በእህል ንግድ ውስጥ የሚኖር ሰው የእጅ በእጅና የዱቤ ዋጋ እንደሚለያይ ከእርስዎ በተሻለ ያውቃል።

ለስሌት ያህል፣ ጤፉ እጅ በእጅ 14,000፣ በዱቤ 14,700 ብር ነው እንበል። ለ15 ቀን የሚከፍሉት 700 ብር 5 ከመቶ ነው፤ በወር ሲታሰብ 10 ከመቶ ይደርሳል። በዚህ ሒሳብ አንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም በዓመት የሚጠይቀውን ወለድ እርስዎ በሁለት ወይም በሦስት ወር ውስጥ ከፍለው ይጨርሳሉ። በሁለት ሳምንት ስምንት ኩንታል ስለሚወስዱ ልዩነቱ 5,600 ብር ነው። ከዱቤ ሙሉ በሙሉ ለመውጣት ደግሞ የስምንት ኩንታል ዋጋ፣ ማለትም 112,000 ብር ያህል፣ ዘወትር በእጅዎ መንቀሳቀስ አለበት። ይህን ያህል ገንዘብ ከሌለዎት ወደ አዲሱ ነጋዴ መሄድ የሚችሉት ከሌላ ቦታ ተበድረው ነው፤ ያኔ ቅናሹ የት እንደሚገባ አይታወቅም። የተሻለው መንገድ ከአራቱ ኩንታል አንዱን ከቀድሞው ነጋዴ እጅ በእጅ መግዛት፣ የሚተርፈውን ልዩነት ሳይነኩ ማጠራቀምና ገንዘቡ ሲበቃ ሁለተኛውን ኩንታል ማከል ነው። ዕቁብ ካለዎት የሚደርስዎን ገንዘብ ለዚህ ቢያውሉት ጉዞው ያጥራል።

ነጋዴው በዱቤ ላይ የሚጨምሩትን እንደ ስስት ብቻ ማየት ግን ተገቢ አይደለም። እርሳቸው ከምንጃር፣ ከአድአ፣ ከበቾ ወይም ከጎጃም ከሚሰበስበው ነጋዴ ጤፍ የሚወስዱት ብዙውን ጊዜ ጥሬ ገንዘብ ከፍለው ነው፤ የመኪናውን ኪራይ፣ የጫኝና አውራጁን ዋጋ፣ የመጋዘኑን ኪራይ ሁሉ ጤፉ ሳይሸጥ ያወጣሉ። እንደ እርስዎ ያሉ በርካታ ባለዱቤዎች ሲኖሯቸው፣ ከመካከላቸው አንዱ የማይከፍልበትን ዕድል ሁሉም በዋጋው ላይ በጥቂት በጥቂቱ ይሸከማሉ። እርስዎ በቀጠሮው ቀን የሚከፍሉ ከሆነ የሌላውን ሰው ዕዳ እየደጎሙ ነው፤ ዋጋ እንዲቀንሱልዎ ሲጠይቁም ሊያነሡት የሚገባው ክርክር ይኸው ነው። የስድስት ዓመት ደብተርዎን ይዘው ይሂዱ። «ይህን ያህል ጊዜ ወስጄ ይህን ያህሉን በቀኑ ከፍያለሁ» ብሎ በጽሑፍ ማሳየት «ደንበኛ አይደለሁ እንዴ፣ ቀንሱልኝ» ከማለት ይልቅ ሚዛን ይደፋል።

ደብተር ካልያዙ ዛሬውኑ ይጀምሩ። የወሰዱበት ቀን፣ የኩንታሉ ብዛት፣ የጤፉ ዓይነት፣ ዋጋው፣ የሚከፈልበት ቀን ይጻፍበት፤ ሁለታችሁም በየጊዜው ፈርሙበት። ክፍያውን በባንክ ወይም በቴሌብር ቢያስተላልፉ ማስረጃው በራሱ ይቀመጣል። በመተማመን ለሚሠራ ሰው ፊርማ መጠየቅ የሚያሳፍራቸው አንባቢያን ብዙ ጊዜ ይጽፉልናል። ሆኖም ነጋዴው ቢታመሙ ወይም ቢሞቱ ከእርስዎ ጋር የሚተሳሰቡት ስለ ስምምነታችሁ ምንም የማያውቁ ልጆቻቸው ናቸው፤ በእርስዎም በኩል እንደዚያው።

ወደ ጥራቱ እንለፍ፤ ከዋጋው ይልቅ እኛን ያሳሰበን ይህ ነው። ጤፍ መሬት ላይ በተለቀለቀ አውድማ በከብት የሚወቃ፣ ፍሬው እጅግ ደቃቅ የሆነ እህል ስለሆነ አፈርና አሸዋ ሁልጊዜ ከማጭበርበር አይመጣም፤ በደንብ ሳይነፋ ሲቀርም ይኖራል። ሰርገኛውን ነጭ ብሎ መላክ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ምናልባት ነጋዴው ራሳቸው ጆንያውን ሳይከፍቱ ከሰብሳቢ ተቀብለውት ይሆናል፤ ምናልባትም ዱቤ የሚወስድ ሰው አፍ አውጥቶ አይናገርም ብለው ይሆናል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ቅሬታዎን ሲሰሙ በሚያደርጉት ነገር ነው። ሁለቱን ጊዜ ነግረዋቸው እንደሆነ አልጻፉልንም። አልነገሯቸው ከሆነ እስካሁን የተበላሸ ግንኙነት የለም፤ ያልተነገረ ቅሬታ ነው ያለው።

ስለዚህ ከእንግዲህ ጤፉ ሲደርስ፣ ወደ ወፍጮ ቤት ከመሄዱ በፊት፣ ከጆንያው አፍ ብቻ ሳይሆን ከመሐሉና ከታቹም ጥቂት ጥቂት አውጥተው በነጭ ሳህን ላይ ይዩት፤ በውኃ ቢያጥቡትም አሸዋው ከታች ይዘቅጣል። ከየጭነቱ አንድ እፍኝ ቀን በተጻፈበት ፌስታል አስቀምጡ። ጉድለት ካገኙ በዚያው ዕለት ይደውሉ፣ ናሙናውንም ይላኩላቸው። ከተፈጨ በኋላ የሚነሣ ክርክር መፍትሔ የለውም፤ ዱቄቱ ውኃ አላነሣም ወይም እንጀራው ዓይን አላወጣም ቢሉ ጥፋቱ የወፍጮው ነው፣ የእርሾው ነው፣ የምጣዱ ነው ይባላል። ሕጉም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ በሚናገርበት ክፍል ገዢው ዕቃውን ለመመርመር እንደቻለ ወዲያው እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ፍርድ ቤት ይሂዱ ማለታችን አይደለም፤ ለሁለት ኩንታል ጤፍ ማንም አይሄድም። በዕለቱ የመጣ ቅሬታን ግን አንድ ደህና ነጋዴ በመለወጥ ወይም በሚቀጥለው ሒሳብ ላይ በመቀነስ ይፈታዋል። ነግረዋቸው ለሦስተኛ ጊዜ ያው ጤፍ ከመጣ ውለታቸውን በሌላ መንገድ ይመልሱ እንጂ በጤፍ አይመልሱት።

አዲሱን ነጋዴም አይመልሱት። ከሚያስፈልግዎ ሩብ ያህሉን፣ እጅ በእጅ ለመግዛት ያሰቡትን ያንን አንድ ኩንታል፣ አንዳንድ ሳምንት ከእርሱ ይውሰዱና ይመዝኑት፤ በሚዛንም በጥራትም። በጥርና በየካቲት፣ አዲሱ ምርት ገበያውን ሲሞላውና ገበሬው ዕዳውን ለመክፈል ሲሸጥ፣ ጤፍ ይዞ የማይመጣ ሰው የለም። እውነተኛው ፈተና ክረምት ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ መንገዱ ሲጨቀይ፣ የገበሬው ጎተራ ሲጎድልና ዋጋው ሲወጣ ይህ ሰው ስልክ ያነሣል ወይ? ያንን ክረምት ሳያዩ የስድስት ዓመት በር መዝጋት አያዋጣም። ከሌላ ሰው መግዛትዎን ለቀድሞው ነጋዴ ራስዎ ይንገሯቸው። እህል በረንዳ ወሬ የማይደበቅበት ቦታ ነው፤ ከጫኝና አውራጆች ከሚሰሙት ከእርስዎ ቢሰሙት ይሻላል።

በነገራችን ላይ ጤፍ እንደ በቆሎና እንደ ስንዴ በነቀዝ የሚጠቃ እህል አይደለም፤ በደረቅ ቦታ ከመሬት ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ በታኅሣሥና በጥር፣ ነጋዴው ምርት ለመግዛት ጥሬ ገንዘብ እጅግ በሚፈልጉበት ወቅት፣ ጥቂትም ቢሆን ቀድመው ቢከፍሏቸው በዓመቱ ውስጥ ከዚያ የበለጠ ዋጋ የማስቀነስ ዕድል አያገኙም። ለፋሲካና ለአዲስ ዓመት የሚጨምርልዎትን ትእዛዝም ከሦስት ሳምንት በፊት ያሳውቋቸው።

ስለ ውለታው አንድ ነገር እንጨምር። በለቅሶና በሠርግ መገኘት፣ በበዓል «እንኳን አደረሰዎ» ማለት ለእኛ አገር ሰው ምክር የሚያሻው ነገር አይደለም፤ ሳይነገርዎም ያደርጉታል። ይሁን እንጂ ነጋዴው በዓል ዋዜማ ከሚላክላቸው ስጦታ ይልቅ የሚደሰቱት ሊከፈል ያልቻለ ዕዳ ከቀጠሮው ሦስት ቀን አስቀድሞ ሲነገራቸው ነው። በባለቤትዎ ሕመም ጊዜ የታገሡዎት ምናልባት ስላልሸሿቸው ይሆናል። መክፈል የማይችሉበት ሳምንት ሲመጣ ስልክዎን አይዝጉ፤ ግማሹን ይክፈሉና ለቀሪው ቀን ይቁረጡ።

ጥያቄ፦ መርካቶ ሸራ ተራ አካባቢ ጫማ እሠራለሁ። ቆዳ፣ ሶልና ማስቲሽ የማገኘው በዱቤ ነው፤ እኔም ጫማውን ለሱቆች በዱቤ እሰጣለሁ። ቆዳ የሚሰጠኝ ነጋዴ አሁን የገንዘቡ መጠንና ቀኑ ያልተጻፈበት፣ የተፈረመ ቼክ «ለመያዣ ያህል ብቻ» አምጣ አለኝ። ጓደኞቼ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠሩት ይላሉ። ልስጠው?
ጫማ ሠሪው

መልስ፦ አይስጡ። ቼክ የመያዣ ሰነድ ሳይሆን የክፍያ ሰነድ ነው፤ በንግድ ሕጉ መሠረት ባንክ በቀረበበት ዕለት ይከፈላል፣ የወደፊት ቀን ቢጻፍበትም እንኳ። ባዶውን ቦታ የሚሞላው ቼኩን የያዘው ሰው ነው፤ በሒሳብዎ በቂ ገንዘብ ከሌለ ደግሞ ጉዳዩ የዕዳ ክርክር መሆኑ ቀርቶ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 የሚያስጠይቅ ይሆናል። ሁሉም ሰው ይሠራበታል የሚለው ምክር ችሎት ፊት አያድንም።

ነጋዴው ዋስትና መፈለጋቸው ግን ትክክል ነው፤ ስለዚህ እምቢታዎን ከአማራጭ ጋር ይዘው ይሂዱ። የገንዘቡ መጠንና የመክፈያው ቀን የተጻፈበት ውል ወይም የተስፋ ሰነድ፣ ማለትም «በዚህ ቀን ይህን ያህል እከፍላለሁ» የሚል ወረቀት፣ መፈረም ይችላሉ፤ ሁለታችሁም የምታውቁት አንድ የሸራ ተራ ሰው ዋስ ሊሆንልዎ ይችላል፤ ወይም የቆዳውን ዋጋ ሲሶ በቅድሚያ ከፍለው ቀሪውን በሁለት ጊዜ ሊከፍሉ ይችላሉ። ቼክ ካልሆነ አይሆንም ካሉ፣ የተወሰነ ገንዘብና ቀን ተጽፎበት፣ ቀኑ ሳይደርስ ባንክ ቢቀርብም እንኳ ገንዘቡ በሒሳብዎ እንደሚኖር እርግጠኛ የሆኑበትን ብቻ ይስጡ፤ ቅጂውን ያስቀሩ፣ ዕዳውን ሲከፍሉም ቼኩን ሳይቀበሉ አይመለሱ። የሱቆቹ ዱቤ የሚሰበሰብበት ቀን ከቆዳው ዕዳ ቀን ቢያንስ አንድ ሳምንት እንዲቀድም አድርገው ቀጠሮዎቹን እንደገና ያስተካክሉ፤ ሱቆቹ የሚሰጡዎትን የወደፊት ቀን ያለበት ቼክም ለቆዳ ነጋዴው አያስተላልፉ፤ ሱቁ ሳይከፍል ቢቀር እርሳቸው የሚጠይቁት እርስዎን ነው።