ጥላውን እዩት

ልጆች፣ ስታገኙኝ መጀመሪያ የምትጠይቁኝ ስለ ካሜራ ነው። "የቱን ልግዛ?" ትሉኛላችሁ። እኔ ደግሞ የቤታችሁ መስኮት ወዴት እንደሚዞር ነው የምጠይቀው። ትስቃላችሁ። ግድ የለም።

እኔ የጀመርኩት በፊልም ነው። አንድ ጥቅል፣ 36 ፎቶ። በዚያ ዘመን ያበላሸሁት አንድ ሠርግ እስካሁን ያንገበግበኛል። ሙሽራዋ ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ በጠራራ ፀሐይ ግቢው መሀል አቆምኳት። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ የጥልፉ ክር ሁሉ ይቆጠራል። ፊቷ ግን ጠቁሯል፤ ዓይኖቿ የነበሩበት ቦታ ሁለት ጉድጓድ ብቻ። እናቷ አልበሙን ገልጠው "ልጄ የታለች?" አሉኝ።

ጉድ የሠሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል። ነጭ ልብስ ሲሞላበት ብርሃን የበዛ ይመስለውና ያጨልመዋል፤ ፊትም አብሮ ይጨልማል። ዛሬ በእጃችሁ ያለው ስልክም ከዚህ አያመልጥም። ስለዚህ ፊቱ ላይ ለኩ።

ሌላዋ ፀሐይዋ ናት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ገደማ ነው የምትርቀው። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ፣ ቀን 6 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ትቆማለች፤ ጥላችሁ እግራችሁ ሥር ይገባል። በዚያ ሰዓት ሰው ከማንሳት ምሳ ይሻላል። ካልሆነላችሁ በረንዳ ሥር አስገቡት። የጠዋቱ ለስላሳ ብርሃንም እኛ ጋ ቶሎ ነው የሚያልቀው፤ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ነዋ የምትወጣው። 2 ሰዓት ላይ ብትደርሱ አምልጧችኋል።

ፍላሽን አልጠላም። ፊት ለፊት ግንባር ላይ ሲተኮስ ነው የምጠላው። ወደ ነጭ ኮርኒስ አዙሩት፣ ከዚያ ነጥሮ ይምጣ። ሳሎኑ አረንጓዴ የተቀባ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፤ ሙሽራውም አረንጓዴ ይሆናል። መብራት ከ1 ሜትር ወደ 2 ሜትር ስታርቁት የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ትንሽ ማንቀሳቀስ ብዙ ይቀይራል። ቢጫ አምፖልና የመስኮት ብርሃን ከተቀላቀሉባችሁ ደግሞ አምፖሉን አጥፉት።

ከሁሉ የምወደው የቡና ሰዓት ነው። ጭስ ፊት ለፊት ሲበራበት ይጠፋል፤ ከጀርባው ሲበራ ነው የሚታየው። አንድ ቀን አክስቴ ጋ ሄጄ በሩን ከጀርባዋ አድርጌ ተቀመጥኩ። የእጣኑ ጭስ ከረከቦቱ በላይ ክር ክር እያለ ወጣ። ፊቷ ግን ጨለማ ነው። ፍላሽ ባበራ ጭሱ ሊደበዝዝብኝ ነው። የለበስኩትን ነጭ ጋቢ አውልቄ ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት። ከበሩ የመጣው ብርሃን እሱ ላይ ነጥሮ ጉንጯ ላይ አረፈ።

ቀና ብላ አየችኝና "ምነው፣ ሞቀህ እንዴ?" አለችኝ። ያኔ ነው ያነሳኋት።