«ተልኳል» ሲባል ደርሷል ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ለመሥሪያ ቤታችን የኢሜይል አጠቃቀም መመሪያ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። «መልእክቱ ተልኳል» ብዬ የጻፍኩትን ሠራተኞች «ደርሷል» ብለው ይረዱትና ሳይደርስ ሲቀር ቅሬታው ወደ እኛ ይመጣል። ተላከ፣ ደረሰ፣ ገባ፣ ተመለሰ የሚሉትን ግሦች የት የት ልጠቀም? ሰርቨርን «አገልጋይ» ልበለው? «መልእክት» ነው ወይስ «መልዕክት»?

መልስ፦ ሰርቨር ይበሉ። «አገልጋይ» ሲባል አማርኛ ተናጋሪ የሚታየው ሰው ነው፤ መመሪያዎን የሚያነበው ሠራተኛም፣ ማሽኑን የሚጠብቀው ባለሙያም በየዕለቱ የሚሉት ሰርቨር ነው።

የግሦቹ ጉዳይ ግን ጠለቅ ማለትን ይጠይቃል። ኢሜይል ከላኪው ተነሥቶ ተቀባዩ ዘንድ በአንድ ጊዜ አይደርስም፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኃላፊነቱም አብሮ ይተላለፋል። ለዚህ አማርኛ የተዘጋጀ ቃል አለው፦ ርክክብ። «አስረከበ» እና «ተረከበ» ከአንድ ሥር ወጥተው ያንኑ ድርጊት ከሰጪውና ከተቀባዩ ወገን ያሳያሉ። ንብረት ክፍል ውስጥ «ተረክቤያለሁ» ብሎ የፈረመ ሰው ዕቃው ቢጎድል የሚጠየቀው እሱ ነው፤ የኢሜይል ሰርቨሮችም ደንብ ይኸው ነው።

አንዱን ርክክብ ቀረብ ብለን እንየው። ሠራተኛው «ላክ» የሚለውን ሲጫን ፕሮግራሙ መልእክቱን ለመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ያስረክባል፤ ይህም የይለፍ ቃል ተጠይቆ በኤስኤምቲፒ (ኢሜይል በሚተላለፍበት ደንብ)፣ በፖርት (በሰርቨሩ የመገናኛ በር) 587 ወይም 465 የሚከናወን ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ደግሞ የተቀባዩን ዶሜይን (በአድራሻው ከ@ ቀጥሎ ያለውን ስም) ኤምኤክስ መዝገብ፣ ማለትም ለዚያ ስም መልእክት የሚረከበው ሰርቨር የተጻፈበትን፣ የኢንተርኔት ስሞች ማውጫ ከሆነው ከዲኤንኤስ ጠይቆ፣ እዚያ ከተጻፈው ሰርቨር ጋር በፖርት 25 ይገናኛል። ራሱን ያስተዋውቃል፤ መልእክቱ ከማን እንደሆነ፣ ቀጥሎም ለማን እንደሆነ ይናገራል፤ ከዚያ ይዘቱን አስተላልፎ አንድ መስመር ላይ ለብቻዋ በተቀመጠች ነጥብ ይዘጋል። የተቀባዩ ሰርቨር ለየእርምጃው ባለሦስት አኃዝ ቁጥር ይመልሳል። ከነጥቧ በኋላ 250 (እሺ) ካለ ተረክቧል፤ ከዚያ ወዲያ መልእክቱን ማድረስ፣ ካልሆነም አለመድረሱን ማሳወቅ የእሱ ግዴታ ነው። 250 ብሎ ላኪው ሳይሰማው መስመሩ ቢቋረጥስ? ላኪው አላስረከብኩም ብሎ እንደገና ይልካል፤ አንዳንድ ጊዜ አንዱ መልእክት ሁለት ጊዜ የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

«ተልኳል» ማን ለማን እንደሰጠ አይናገርም፤ ቅሬታውም የሚነሣው ከዚህ ነው። በምትኩ ባለቤቱ የታወቀ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፦ «መልእክቱን ሰርቨራችን ተረክቧል»፣ ቀጥሎም «መልእክቱን የተቀባዩ ሰርቨር ተረክቧል»። «ደረሰ» የሚለውን ተቀባዩ ሳጥን ውስጥ መቀመጡ ለተረጋገጠ መልእክት ያቆዩት። «ገባ» ደግሞ ያለ ቦታ አይጻፍ። 250 ብሎ የተረከበ ሰርቨር መልእክቱን ገቢ ሳጥን ውስጥ ሊያስቀምጠው፣ አይፈለጌ መልእክት ውስጥም ሊከተው ይችላል፤ የትኛውን እንዳደረገ ለላኪው አይነግረውም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተው «ተመለሰ» ነው። መልሱ በ4 የሚጀምር ቁጥር ከሆነ እንቢታው ጊዜያዊ ነው፦ 450 ሳጥኑ ለጊዜው አይገኝም፣ 452 ሰርቨሩ ላይ በቂ ቦታ የለም። የማያውቁትን ላኪ ሆን ብለው መጀመሪያ በ4 የሚያቆዩ ሰርቨሮችም አሉ፤ ደንብ የሚያከብር ሰርቨር ተመልሶ ሲመጣ፣ አይፈለጌ የሚረጭ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ አይመለስማ። በዚህ ሁሉ መልእክቱ አልተመለሰም፤ ትክክለኛው አነጋገር «ወረፋ ላይ ነው» የሚል ነው። የ2008ቱ የኤስኤምቲፒ ደንብ በሙከራዎች መካከል ቢያንስ 30 ደቂቃ መቆየትን፣ ከመተው በፊትም ቢያንስ 4 ወይም 5 ቀን መሞከርን ይመክራል፤ በነጋታው «ጠፋ» ማለት የሚያስቸኩል አይደለም።

በ5 የሚጀምር ከሆነ እንቢታው የመጨረሻ ነው፤ የተለመደው 550 ሲሆን፣ በአብዛኛው እንዲህ ያለ አድራሻ የለም ማለት ነው። እዚህም ቢሆን የተቀባዩ ሰርቨር ያልተረከበውን አይመልስም። አለመድረሱን የሚገልጸውን ማስታወቂያ ጽፎ ለሠራተኛው የሚልከው የራሳችሁ ሰርቨር ነው። ሠራተኞች «የእኛው ሰርቨር ከለከለን» የሚሉት የማስታወቂያውን ላኪ አይተው ነውና፣ መመሪያው «የተቀባዩ ሰርቨር አልረከብም ብሏል» ይበል፤ ቁጥሩም አብሮ ይጻፍ። 550 ሲታይ አድራሻውን ፊደል በፊደል ማየት፣ 450 ሲታይ መጠበቅ ነው።

ለንባቡም ግሥ መለየት ያስፈልጋል። መልእክት ከሰርቨር የሚወሰድባቸው ደንቦች ሁለት ናቸው፦ ፖፕ3 እና አይማፕ። በፖፕ3 መልእክት ይወርዳል፤ ቅጂው ሰርቨሩ ላይ ይቆይ ካልተባለ በተለምዶ ከዚያ ይጠፋል። በአይማፕ ግን ሰርቨሩ ላይ እንዳለ ይነበባል፤ ስለዚህ «ስልክዎ ላይ ያጥፉት» ብለው የጻፉለት ሠራተኛ ከኮምፒውተሩም ላይ ያጣዋል።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ቀላል ይመስላል እንጂ መዘዝ አለው። ሥሩ የግእዙ «ለአከ» ስለሆነ ትክክለኛው በአልፉ እ «መልእክት» ነው። በዓይኑ ዕ የሚጽፈው ግን ብዙ ነው፤ ለኮምፒውተሩም እ እና ዕ ፈጽሞ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። «ርእሱ ላይ መልእክት የሚል ካለ ወደዚህ ማኅደር ክተት» የሚል ማጣሪያ «መልዕክት» ያለውን ሁሉ ያልፈዋል። ስለዚህ መመሪያውን በእ ይጻፉ፣ ማጣሪያው ላይ ሁለቱንም ያስገቡ። ማጣሪያውን ያወጣው የሰርቨሩ ባለሙያ ከሆነ አንድ ነገር ያስታውሱት፦ የአማርኛ ርእስ በኤስኤምቲፒ የሚጓዘው አብዛኛውን ጊዜ በቤዝ64 (ማንኛውንም ጽሑፍ በላቲን ምልክቶች በሚጽፍ ዘዴ) ተቀይሮ ነው፤ ኮምፒውተር ፊደሎችን በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 አንዱ ፊደል 3 ባይት፣ በቤዝ64 ደግሞ 4 የላቲን ምልክት ይሆናል። እንደ ፖስትፊክስ (የኢሜይል ሰርቨር ፕሮግራም) የራስጌ ፍተሻ ያለው፣ ርእስና አድራሻ የተጻፉበትን የመልእክቱን መግቢያ የሚያይ ማጣሪያ ርእሱን ሳይፈታ ስለሚያነብ አማርኛውን ከነጭራሹ አያየውም፤ ሲቭ የሚባለው የማጣሪያ መጻፊያ ቋንቋ ግን ፈትቶ ስለሚያነብ እንዲህ ያለውን ማጣሪያ በሲቭ መጻፍ ይሻላል።