የቆዳ ቦርሳን የራስ ማድረግ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በቅርቡ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ይኸውም ከሌሎች ጋር ተመሳስሎ የተሠራን የቆዳ ቦርሳ የባለቤቱን ምርጫ እንዲያንጸባርቅ ማድረግ የሚቻለው እንዴት ነው የሚል ነው። ለእያንዳንዱ ጠያቂ በተናጠል መመለስ ስለማይቻል የተቀራረቡትን አጣምሬ እነሆ መልሱን።

ጥያቄ፦ የስሜን የመጀመሪያ ፊደላት በቦርሳዬ ላይ በማኅተም ለማስቀረጽ ብሞክር ባለሙያው "ይህ ቆዳ ማኅተም አይዝም" አለኝ። ቆዳ ሁሉ አንድ አይደለምን?

መልስ፦ አይደለም፤ ልዩነቱ የሚመጣው ከአለፋፉ ነው። ከዛፍ ልጥና ከቅጠል በሚገኝ ታኒን የለፋ ቆዳ ጠንከር ያለና ቅርጽ የሚይዝ በመሆኑ፣ በትንሽ ውኃ ረጠብ ካለ በኋላ የብረት ማኅተም ሲያርፍበት ምልክቱ ጠልቆ ይቀራል። በክሮም ጨው የለፋው ግን ለስላሳና ተለማጭ ስለሆነ ተጭነውት እጅዎን ሲያነሡ ወደነበረበት ይመለሳል፤ ዛሬ በገበያ ላይ ካለው የቦርሳ ቆዳ አብዛኛው ደግሞ የዚህ ዓይነት ነው። ለመለየት ቀለም ያልተቀባ የቆዳውን ጠርዝ ፈልገው ይመልከቱ። እስከ ውስጡ ድረስ ወጥ ቡናማ ከሆነ በዕፅዋት የለፋ፣ መሐሉ ግራጫ ወይም ሰማያዊ መሰል ከሆነ በክሮም የለፋ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

የእርስዎ ቦርሳ ከሁለተኛው ወገን ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ወርቃማ ወይም ብርማ ፎይል (እንደ ወረቀት የሳሳ አብረቅራቂ ሽፋን) በሙቀት ማሳተም ሲሆን፣ ሁለተኛው ፊደላቱን በዕፅዋት በለፋ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ላይ አስቀርጾ ከእጀታው ሥር ማንጠልጠል ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ማኅተሙ ቢጣመም የሚጣለው ቁራጩ እንጂ ቦርሳው አይደለምና።

ጥያቄ፦ ጥቁር ቦርሳዬ ሰለቸኝ። ፊቱን ቢጫ ላደርገው ብፈልግ ይሆናል? ወይስ ከጊዜ በኋላ ይላላጣል?

መልስ፦ የሚላላጠው ሥራው በችኮላ ሲሠራ ነው። ወደ ቆዳው ዘልቆ የሚሰርግ ማቅለሚያ ማጥቆር እንጂ ማንጣት ስለማይችል ለእርስዎ አይጠቅምም። የሚያስፈልግዎ በገጹ ላይ የሚቀመጥ፣ ለቆዳ ተብሎ የተዘጋጀ አክሪሊክ ቀለም ነው፤ ተራው አክሪሊክ ቆዳው በታጠፈ ቁጥር አብሮት ስለማይለጠጥ ይሰነጠቃል።

ከቀለሙ በላይ ወሳኙ ዝግጅቱ ነው። ቦርሳው ከፋብሪካ ሲወጣ የተቀባው ስስ መከላከያ ሽፋን ሳይነሣ አዲሱ ቀለም የሚጣበቀው በሽፋኑ ላይ እንጂ በቆዳው ላይ አይደለም። ጥጥ በጥቂት አሴቶን (ቀለምና ሽፋን በሚያሟሟ ፈሳሽ) ነክረው፣ ሳይጫኑ፣ በትንሽ በትንሽ ቦታ ይጥረጉ። በመጀመሪያ ጥጡ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል፤ ቀጥሎ ጥቁር ማንሣት ይጀምራል፣ የቆዳው አብረቅራቂነትም ጠፍቶ ደብዘዝ ይላል። በዚህ ጊዜ ማቆም ነው። አሴቶን በቀላሉ የሚቀጣጠልና ሽታው የሚከብድ በመሆኑ መስኮት ይከፈት፣ እሳት አይቅረብ፣ ጓንትም ይደረግ። ቦርሳው ቆዳ መሰል ሰው ሠራሽ ከሆነ ግን አሴቶኑን ጨርሶ አያስጠጉት፤ ገጹን ያሟሟዋል።

ቢጫ በጥቁር ላይ በቀጥታ ሲቀባ አረንጓዴ መሰል ድፍርስ መልክ ስለሚሰጥ አስቀድሞ ነጭ ይቀቡ፤ ከዚያም ቢጫውን በስስ በስሱ፣ እያንዳንዱ ሲደርቅ ቀጣዩን እያስከተሉ ይደራርቡ። በመጨረሻም አዲስ መከላከያ ሽፋን ቀብተው ቢያንስ አንድ ቀን ሳይነካ ይቆይ። አንድ ምክር ልጨምር፦ ማዕዘኖቹንና እጀታው የሚታጠፍበትን ቦታ በጥቁርነታቸው ይተዉአቸው። ቶሎ የሚያልቁት እነዚህ ሲሆኑ፣ ፊቱ ብቻ ቢጫ የሆነ ጥቁር ቦርሳ ደግሞ ለዓይኔ ሙሉ በሙሉ ከተቀባው ያምራል።

ጥያቄ፦ የእኔ ሱዊድ ነው። ይኸው ዘዴ ይሠራልኛል?

መልስ፦ አይሠራም፤ የሱዊድ ውበቱ ለስላሳ ጸጉራማ ገጹ ነው፣ ቀለም ሲቀባ ጸጉሩ ተጣብቆ ይደርቃል። ማንገቻውን በመቀየር ይወሰኑ።

ጥያቄ፦ ማንገቻ ስቀይር ምን ልመልከት?

መልስ፦ መጀመሪያ በቦርሳው ጎንና ጎን ያሉትን ቀለበቶች ይመርምሩ፤ የአዲሱ ማንገቻ መንጠቆ በቀለበቱ ውስጥ እንደልብ መዞር አለበት። ቀለበት ከሌለ መንጠቆውን በዚፑ መጎተቻ ላይ ማንጠልጠል ዚፑን ከስፌቱ ያወጣዋል። ደረት ላይ አቋርጦ ለሚያዝ ቦርሳ ከ110 እስከ 130 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ርዝመት ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ከባድ ነገር የሚይዙ ከሆነ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚሰፋ ይምረጡ፤ ቀጭኑ ትከሻ ይቆርጣል።

ጥያቄ፦ በቦርሳዬ ክዳን ላይ በእጄ ጥልፍ ልጠልፍበት አስቤአለሁ። በመርፌ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ነገር ግን ጨርቅ ላይ የተሳሳተ ስፌት ሲፈታ ቀዳዳው ይጠፋል፣ ቆዳ ላይ ግን እንደተበሳ ይቀራል። ስለዚህ ንድፉን በወረቀት ሠርተው በክዳኑ ላይ ያስቀምጡና ቀዳዳዎቹን በሙሉ አስቀድመው በወስፌ ይብሱ። ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይራራቁ፤ ከዚያ ካነሱ ቆዳው እንደ ቴምብር ጠርዝ በመስመሩ ይቀደዳል። ክሩ በሰም የታሸ ፖሊስተር ይሁን። ከሁለቱም ጫፎቹ መርፌ ገብቶበት በአንዱ ቀዳዳ ከፊትና ከኋላ የሚተላለፍ ክር፣ አንዱ ጎን ቢበጠስ እንኳ ሌላው ስፌቱን ይይዘዋል። ከመጀመርዎ በፊት ከክዳኑ ጀርባ ምን እንዳለ ይዳስሱ፤ ኪስ ካለ ገበሩን በስፌቱ በኩል ካልፈቱት ኪሱን አብረው ይሰፉታል።

ጥያቄ፦ ቦርሳዬ ላይ ቁልፍ መያዣ፣ ዶቃና ተለጣፊ ምስሎች አበዛለሁ። ጓደኞቼ ለትልቅ ሰው አይመጥንም ይሉኛል። የእርስዎ አስተያየት ምንድን ነው?

መልስ፦ ጓደኞችዎ ስለ ጄን በርኪን ይስሙ። እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. ይህች ተዋናይትና ድምፃዊት በአውሮፕላን ላይ ከፈረንሳዩ የቅንጦት ዕቃዎች አምራች ከኤርሜስ ኃላፊ ከዣን ሉዊ ዱማ ጋር ባደረገችው ጭውውት መነሻነት በስሟ የተጠራው ቦርሳ ተሠራ፤ እርሷ ግን የራሷን እንደ ተራ ዕቃ ሳትሳሳለት ተጠቀመችበት፣ የእርዳታ ድርጅቶችን ተለጣፊዎች ለጠፈችበት፣ የጥፍር መቁረጫም አንጠለጠለችበት። ያ የመጀመሪያው ቦርሳ ከነጭረቱና ከነተለጣፊዎቹ ምልክት እ.ኤ.አ. በ2025 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በጨረታ 8.6 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ አወጣ። ብቻ ተለጣፊው ሲነሣ ሙጫው ሽፋኑን ይዞ ሊነሣ ስለሚችል ቆዳው ላይ ሳይሆን በሚንጠለጠል መለያ ላይ ይለጥፉ፤ ሹል ብረት ያለውን ጌጥም ፊቱን እንዳይፍቀው በጎን በኩል ያንጠልጥሉ።

ጥያቄ፦ ወደፊት ልሸጠው ብፈልግ ይህ ሁሉ ዋጋ ይቀንስብኛል?

መልስ፦ እንደ በርኪን ዝነኛ ካልሆኑ በቀር፣ አዎን፤ የሰው ስም የተቀረጸበትን ቦርሳ የሚፈልግ ገዢ ጥቂት ነው። መሸጥ በሐሳብዎ ካለ ሊነሡ በሚችሉት ለውጦች ይወሰኑ፤ የቀየሩትን የመጀመሪያውን ማንገቻና መንጠቆም አይጣሉ፣ በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡ።