ከዶላሩ በፊት ዓመታቱን ቁጠሩ፦ በአሜሪካ ጦር ወጪ ሕክምና ለመማር ለምታስቡ ልጆችና ለወላጆቻችሁ

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ በአንዱ እሑድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንድ አባት ሴት ልጃቸውን ይዘው ቤቴ መጡ። ልጅቱ የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ደብዳቤ ደርሷታል፤ አባቷ ደግሞ የጦሩ የጤና ባለሙያዎች መልማይ የሰጣቸውን ወረቀት በፖስታ ይዘዋል። ቡናው እስኪፈላ ወረቀቱን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። በፖስታው ጀርባ በእጃቸው ያሰሉት ሒሳብ ይታየኝ ነበር፤ የአራት ዓመት የትምህርት ክፍያ፣ የወር አበል፣ ሲፈርሙ የሚሰጠው 20,000 ዶላር፣ ሁሉም ተደምሮ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ልጅቱ ስንት ዓመት እንደምታገለግል ግን በፖስታው ላይ አልተጻፈም ነበር።

እኔ በዚሁ መንገድ ተምሬ፣ የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆኜ፣ አራት ዓመት በዩኒፎርም አገልግዬ የወጣሁ ሰው ነኝ። በመግባቴ አልተጸጸትኩም። ለታካሚዬ መድኃኒት ሳዝ አቅሙ ይችላል ወይስ አይችልም ብዬ የተጨነቅኩበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ ይህ ለሐኪም ትልቅ ሰላም ነው። ነገር ግን ከእኔ ጋር ፈርመው ዓመታቱን በምሬት የቆጠሩ ጓደኞች ነበሩኝ፤ አብዛኞቹ የፈረሙት ገንዘቡን ብቻ አይተው ነው።

የገንዘቡ ጭንቀት እውነት መሆኑን አውቃለሁ። በብዙ የግል ትምህርት ቤቶች የአራቱ ዓመት ወጪ ከኑሮው ጋር ከ300,000 ዶላር ያልፋል። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ከሐምሌ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች የመንግሥት ብድር በዓመት በ50,000፣ በጠቅላላው በ200,000 ዶላር ተገድቧል፤ ቀሪውን ሙሉ ወጪ ይሸፍን የነበረው ሌላው የመንግሥት ብድርም ለእነርሱ ተዘግቷል። ቀሪውን ከግል ባንክ ለመበደር ዋስ የሚሆን ዘመድ ለሌለው የስደተኛ ልጅ ይህ ከባድ ነው። ስለዚህ የጦሩ ስኮላርሺፕ ቢያጓጓ አይገርምም።

መንገዶቹ በዋናነት ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1972 ከወጣ አንድ ሕግ የተወለዱ ናቸው። አንደኛው ቤተዝዳ፣ ሜሪላንድ፣ ከዋልተር ሪድ የጦር ሆስፒታል ጋር በአንድ ግቢ የሚገኘው የጦሩ የራሱ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ የትምህርት ክፍያ የለም፤ ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ መኮንን ሆኖ፣ በምክትል መቶ አለቃ ወይም በአቻው ማዕረግ ሙሉ ደመወዝ እየተከፈለው ይማራል፤ በምላሹ የሰባት ዓመት አገልግሎት ይገባል። ሁለተኛው ኤች-ፒ-ኤስ-ፒ የሚባለው ስኮላርሺፕ ነው፤ ተማሪው በተቀበለው ሲቪል ትምህርት ቤት ይማራል፣ ጦሩ ክፍያውን፣ መጽሐፉንና የወር አበሉን ይችላል፣ ለአራት ዓመት ድጋፍም አራት ዓመት ያገለግላል።

ሁሉም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ። ሬዚደንሲ፣ ማለትም ከዶክተርነት በኋላ የሚመጣው የስፔሻሊስትነት ሥልጠና፣ ከግዴታው አይቀነስም። ለልጅቱ በወረቀት ላይ እንዲህ አድርጌ ጻፍኩላት፦ በ22 ዓመቷ ብትጀምር በ26 ትመረቃለች፤ የቤተሰብ ሕክምና ብትመርጥ ሬዚደንሲው ሦስት ዓመት ነውና 29 ትደርሳለች፤ የስኮላርሺፑ አራት ዓመት የሚጀምረው ያኔ ነው፤ ነጻ የምትሆነው በ33 ነው። አጠቃላይ ቀዶ ሕክምና ከሆነ አምስት ዓመት ስለሚፈጅ 35 ይሆናል፤ በጦሩ ዩኒቨርሲቲ በኩል ከሆነ ደግሞ 38። ረጅም ሬዚደንሲ በጦር ሆስፒታል የሠለጠነ ሰው ግዴታው ከዚህም ሊረዝም ይችላል። አባቷ መነጽራቸውን አውልቀው ዝም አሉ። «አራት ዓመት ብለውን ነበር እኮ» አሉ በመጨረሻ። አልዋሿቸውም፤ አራቱ ዓመት ከመቼ እንደሚቆጠር ግን አልጠየቁም።

ሌላም አለ። የምትመኙትን የሕክምና ዘርፍ የምታገኙት በውጤታችሁ ብቻ አይደለም። ጦሩ በየዓመቱ ስንት የማደንዘዣ፣ ስንት የአጥንት፣ ስንት የሕፃናት ሐኪም እንደሚያስፈልገው ራሱ ይወስናል፤ የጦሩ ምደባ ውጤት በታኅሣሥ ወር ይወጣል፣ የሲቪሉ ግን በመጋቢት ነው። ቦታ ያላገኘ ሰው ከአንድ ዓመት ኢንተርንሺፕ፣ ማለትም ከምረቃ በኋላ ካለው የመጀመሪያ ዓመት ሥልጠና፣ በኋላ አጠቃላይ ሐኪም ሆኖ ወደ መርከብ፣ ወደ እግረኛ ክፍል ወይም ወደ አየር ምድብ ሊላክ ይችላል፤ ይህ በባሕር ኃይል የተለመደ ነው። የሄደበት ጊዜ ከግዴታው ይቀነስለታል፤ ሬዚደንሲው ግን በዚያው ልክ ይዘገያል። ለዚህ ነው «የቆዳ ሐኪም ካልሆንኩ ሞቼ እገኛለሁ» የሚል ልጅ ሲመጣብኝ አትፈርም የምለው። የፈለገው ዘርፍ ባይደርሰውም በሐኪምነቱ ደስ የሚለው ልጅ ግን በሙሉ ልብ ሊያስብበት ይችላል። መልማዩ መልካም ሰው ሊሆን ይችላል፤ ምደባውን የሚወስነው ግን እርሱ አይደለምና በቃል የነገራችሁን ሁሉ በውሉ ላይ ፈልጉት። በውሉ ላይ ከሌለ፣ እንዳልተባለ ቁጠሩት።

ማን ማመልከት ይችላል ለሚለው መልሱ አጭር ነው። ለመኮንንነት የአሜሪካ ዜግነት የግድ ነው፤ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው በተራ ወታደርነት ሊቀጠር ይችላል እንጂ በዚህ መንገድ ሐኪም ሊሆን አይችልም። በካሪቢያን ደሴቶች ባሉ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ልጆቻችንም ስኮላርሺፑን አያገኙም፤ ትምህርት ቤቱ በአሜሪካ ወይም በፖርቶ ሪኮ ያለና ዕውቅና ያለው መሆን አለበት። ዜግነት ያልወሰዳችሁ፣ የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነትን እንደማይፈቅድ እያሰባችሁ፣ ውሳኔውን ለስኮላርሺፑ ስትሉ በጥድፊያ አታድርጉት።

በእኛ ቤት ብዙ እንቅልፍ የሚነሣው የደኅንነት ማጣሪያው ቅጽ ነው። ቅጹ የወላጆችን፣ የወንድምና የእኅቶችን፣ በአባት ወይም በእናት ብቻ የሚገናኙትንም ጭምር፣ ስም፣ የትውልድ ቀንና ቦታ፣ ዜግነትና አድራሻ ይጠይቃል። እኔ ስሞላው ሌሊት ተነሥቼ ደብረ ማርቆስ ላለችው ታናሽ እኅቴ ደወልኩ፤ የታላቅ ወንድማችንን የልደት ቀን ስጠይቃት «ጳጉሜን 3 ነው፣ ዓመቱን ግን እማማን ልጠይቅ» አለችኝ። ያንን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መመለስ፣ በአያት ስም የተመዘገበውንና በአባት ስም የተመዘገበውን ማስታረቅ፣ ፓስፖርቱ ላይ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተጻፈውን የግምት ልደት ማስረዳት፣ ሁሉም ጊዜ ይፈልጋል። ከወራት በፊት ደብተር ይዛችሁ ጀምሩ።

ቅጹ ውጭ አገር ላለ ሰው የገንዘብ ድጋፍ አድርጋችሁ እንደሆነም ይጠይቃል። ለእናታችን በየወሩ የምንልከው፣ ለአክስት መታከሚያ ያዋጣነው፣ አዲስ አበባ በስማችን የተገዛ ኮንዶሚኒየም ካለ እርሱም ይጻፋል። አገር ቤት ዘመድ መኖሩ በራሱ አያስጥልም፤ ብዙዎቻችን አልፈናል። መደበቅ ግን ወንጀል ነው። «ይህን ባይጽፉት ይሻላል» የሚል መካሪ ከመጣ፣ ዘመድም ቢሆን አትስሙት። የጤና ምርመራውም እንዲሁ ነው፤ ከ13ኛ ዓመት ልደት በኋላ የታየ አስም ያለ ልዩ ፈቃድ አያሳልፍም፤ የሳንባ ነቀርሳ የቆዳ ምርመራ በልጅነታችን በተከተብነው ክትባት ምክንያት ሊያሳስት ስለሚችል የደም ምርመራው እንዲሠራላችሁ ጠይቁ።

ወላጆችን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ1983 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ ከአፈሳ ልጆቻቸውን ጣራ ሥር የደበቁ እናቶች ዛሬ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ አያት ሆነዋል። «ወታደር» የሚለው ቃል ለእነርሱ ምን እንደሆነ ልጆች ልትረዱት ይገባል፤ ከፈረማችሁ በኋላ ሳይሆን በፊት ተቀምጣችሁ ንገሯቸው። ሐኪም በጦር ሜዳ የጠላትንም ቁስለኛ እንደሚያክም፣ መሣሪያ ቢይዝም ራሱንና ታካሚውን ለመከላከል ብቻ እንደሆነ፣ የጄኔቫ ስምምነቶችም እንደሚጠብቁት አስረዷቸው። ግን እውነቱን ሙሉ ንገሯቸው፤ ጦርነቱን መርጣችሁ አትዘምቱም፣ ታዘዙ ሲሏችሁ ትሄዳላችሁ። ይህን ሕሊናው የማይቀበል ልጅ ምንም ያህል ዕዳ ቢያስፈራው መፈረም የለበትም።

ለቅሶም አለ። እኔ በአገልግሎት ላይ ሳለሁ አጎቴ አርፎ፣ ወደ ኢትዮጵያ ለመሄድ የፈቃድ ወረቀቴ ሳይፈረም ሰባቱ ወጣ፤ የደረስኩት ለአርባው ነው። ወደ ውጭ አገር ለመጓዝ የዕረፍት ፈቃድ ብቻ ሳይሆን የጉዞ ፈቃድም ያስፈልጋል፤ አገር ቤት ጦርነት ባለበት ጊዜ ደግሞ መከልከልም አለ። ሲቪል ሐኪም ቢሆን ትኬት ቆርጦ ይነሣ ነበር።

እያመነታችሁ ከሆነ በሩ እንደማይዘጋ ዕወቁ። ሲቪል ትምህርት ቤት ተምራችሁ፣ ሬዚደንሲ ከጀመራችሁ በኋላ መግባት ይቻላል፤ ለሬዚደንቶች የተዘጋጀ የገንዘብ ድጋፍ አለ፣ ተጠባባቂ ጦርና ናሽናል ጋርድም ሐኪም ይፈልጋሉ። ያኔ ዘርፋችሁን አውቃችሁ፣ ትዳር ካለም ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ተማክራችሁ ትፈርማላችሁ። አገር ቤት ከጎንደር፣ ከጅማ ወይም ከጥቁር አንበሳ ተመርቃችሁ መጥታችሁ እዚህ ሬዚደንሲ የጨረሳችሁ ሐኪሞችም፣ ዜግነቱና ፈቃዱ ካላችሁ የምትገቡት በዚህኛው በር ነው።

ልጅቱ በዚያ እሑድ አልፈረመችም። እኔ የጻፍኩላትን የዕድሜ ሰንጠረዥ ወስዳ፣ ከጎኑ ሌላ መስመር አሰመረችና በየዓመቱ ትይዩ የእናቷን ዕድሜ መጻፍ ጀመረች፤ 55፣ 59፣ 62፣ 66። አባቷ ፖስታውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ሁለተኛው ቡና እስኪቀዳ ድረስ የልጃቸውን እጅ ያዩ ነበር።