ከቦሌ እስከ ደለስ፦ የትኬቱ ሰዓት ለምን አልገጥም አለ?

ጥያቄ፦ እናቴ በሐምሌ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ልትመጣ ነው። ትኬቷ እሑድ 22፡30 ተነስታ ሰኞ 08፡30 ትደርሳለች ይላል፤ 10 ሰዓት መሆኑ ነው። መመለሻዋ ግን 11፡00 ተነስቶ በማግስቱ 07፡30 ይገባል፤ ይኸው 20 ሰዓት ተኩል። መንገዱ አንድ ሆኖ እንዴት እጥፍ ይሆናል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ትኬት ላይ መነሻው በመነሻው ከተማ፣ መድረሻው በመድረሻው ከተማ ሰዓት ነው የሚጻፈው። በሐምሌ አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በ7 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ ወደ አሜሪካ ሲመጡ 7 ይደምሩ፣ ወደ አገር ቤት ሲሄዱ 7 ይቀንሱ፤ መምጫው 17 ሰዓት፣ መመለሻው 13 ሰዓት ተኩል ይወጣል። ከኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ እስከ ማርች ሁለተኛው እሑድ ግን ልዩነቱ 8 ሰዓት ነው።

የቀረው የ3 ሰዓት ተኩል ልዩነት እውነተኛ ነው። ከቦሌ እስከ ደለስ (የዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ) በአየር ላይ አጭሩ መንገድ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን 13 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ችግሩ ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ማለቱ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ ክንፉም ሞተሩም ጉልበት ያንሳቸዋል፤ ሙሉ ነዳጅ፣ ሙሉ ተሳፋሪና ጭነት አንድ ላይ ይዞ መነሳት ይከብዳል። በዚያ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስ ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል። ደለስ ግን ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ የሚነሳው ነዳጁን ሞልቶ፣ ነፋሱን ከኋላው አድርጎ በቀጥታ ይገባል።

ማረፉ መንገዱን አያስረዝመውም ማለት ይቻላል። በደብሊን ቢሄድ እንኳ የሚጨምረው 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጊዜ የሚበላው መውረዱ፣ መሬት ላይ መቆየቱና እንደገና መነሳቱ ነው። ማረፊያው በየወቅቱ ስለሚቀያየር የእናትዎን ትኬት ይመልከቱ።

ለእናትዎ በስልክ ሲነግሩ 22፡30 ማለት ከምሽቱ 4፡30 መሆኑን ያስረዱ፤ 22፡30 በፈረንጁ ከምሽቱ 10፡30 ነው፤ ከዚያ ላይ 6 መቀነስ ነው። አደገኛው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ነው። «ሰኞ 00፡30» የሚል ትኬት በእኛ አቆጣጠር እሑድ ሌሊት 6፡30 ነው። ሰኞ ማታ ሻንጣ ይዞ ቦሌ የሚመጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ስለዚህ ትኬቱ ከ00፡00 እስከ 06፡00 ባለው ከሆነ «እሑድ ራት በልተሽ ውጪ» ብለው ይንገሯት።