ፕላኔትን ፎቶ ማንሳት ለምትፈልጉ ልጆች፦ ከጨረቃዎቹ ጀምሩ

ዕድሜዬን ሙሉ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በፎቶ ሥራ ነው የኖርኩት። አሁን ማታ ማታ ቴሌስኮፕ ይዤ ግቢ እወጣለሁ። የሰፈር ልጆች ይመጡና «ጋሼ፣ በስልክ ጁፒተርን ማንሳት ይቻላል?» ይሉኛል። ኢንተርኔት ላይ ያዩትን ባለ ቀለም ምስል ማለታቸው ነው። እሱ ጊዜ ይፈልጋል። ጨረቃዎቿን ግን ዛሬ ማታ ማንሳት ትችላላችሁ።

አራቱ ትልልቅ ጨረቃዎቿ፣ አዮ፣ ዩሮፓ፣ ጋኒሜድና ካሊስቶ፣ በትንሽ ቴሌስኮፕም ይታያሉ። ጋሊሊዮ በ1610 እ.ኤ.አ. ያያቸው ዛሬ ገበያ ላይ ካለው ርካሽ ቴሌስኮፕ በማይሻል መሣሪያ ነው።

ስልኩን በእጃችሁ አትያዙት፤ በመያዣ ከዓይን መመልከቻው ጋር አጥብቃችሁ እሰሩት። ዝም ካላችሁት የሰማዩን ጥቁረት አይቶ ብርሃን ይጨምራል፤ ጁፒተርም ነጭ ኳስ ትሆንባችኋለች። ስክሪኑ ላይ ፕላኔቷን ነካ አድርጉና ብርሃኑን ወደ ታች ሳቡት። ሁለቱ ቡናማ የደመና ቀበቶዎቿ ብቅ ይላሉ። በዚያው ልክ ጨረቃዎቹ ይደበዝዛሉ፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋሉ። አትደንግጡ። አንዱን ለፕላኔቷ፣ አንዱን ለጨረቃዎቹ ብላችሁ ሁለቴ አንሱ።

ከዚያ ሰዓቱን ጻፉ። አደራ፣ ይቺን አትዝለሏት። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ያነሳችሁት በዓለም አቀፉ ሰዓት 18:00 ነው። ጨረቃዎቹ መቼ የት እንደሚሆኑ የሚያሳየው ሰንጠረዥ የሚወጣው በዚያኛው ስለሆነ ሁለቱንም አስፍሩ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ድገሙት። አዮ በ42 ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ዙር ስለምትጨርስ ወደ ሌላኛው ጎን ተሻግራ ልታገኟት ትችላላችሁ። ካሊስቶ 17 ቀን ያህል ይፈጅባታል። የአንድ ወር ፎቶ ከደረደራችሁ ዙሩን ማንም ሳይነግራችሁ ራሳችሁ ታሰሉታላችሁ። ይህን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት። ኦሌ ሮመር የተባለው ዴንማርካዊ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ በ1676 እ.ኤ.አ. ብርሃን ለመጓዝ ጊዜ እንደሚወስድበት ያሳየው አዮ በጁፒተር ጥላ የምትሸፈንበትን ሰዓት ተከታትሎ ነው። ምድር ከጁፒተር ስትርቅ ሰዓቱ ይዘገይ ነበር።

ቀጥሎ ወደ ፕላኔቷ ገጽ ትሄዳላችሁ። እዚህ ላይ ፎቶ ሳይሆን ቪዲዮ ነው የሚቀረጸው። አየሩ ምስሉን ያርገበግበዋል፤ ቪዲዮው ከተሠራባቸው ሺህ ነጠላ ምስሎች (ፍሬሞች) መሃል ጥርት ያሉት ጥቂት ናቸው። ኦቶስታከርት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም እነሱን መርጦ ይደራርባቸዋል። ጁፒተር ራሷን የምትዞረው ከ10 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ስለሆነ ቪዲዮው ከሁለትና ሦስት ደቂቃ አይብለጥ፤ ካለፈ ዝርዝሩ ይደበዝዛል።

ጎጃም ለዚህ ሥራ የተመቸ አገር ነው። ከምድር ወገብ በሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆንን ፕላኔቶች አናታችን ድረስ ይወጣሉ። ከፍ ባሉ ቁጥር የምናያቸው በቀጭን አየር አልፈን ነው። አውሮፓ ውስጥ ያሉት አንዳንድ ዓመት አድማስ ላይ ተለጥፈው ነው የሚያገኟቸው። ብቻ በቆርቆሮ ጣሪያ አናት ላይ አታነጣጥሩ። ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ሲለቅ ምስሉ እንደ ወራጅ ውሃ ይሆናል። ሣር ወዳለበት ሜዳ ውጡ። ቴሌስኮፑንም ቀደም ብላችሁ አውጡት፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቀዝቅዝ።

በፎቶ ሙያ ብዙ ሬቱሽ ሠርቻለሁ። ደንበኛው ፊቴን አሳምርልኝ ካለ መብቱ ነው። ፕላኔት ላይ ግን ምስሉን በፕሮግራም ከልክ በላይ እያጠራችሁ አየሩ ያልሰጣችሁን መስመር አትፍጠሩ። አንቶኒ ዌስሊ የሚባል አውስትራሊያዊ አማተር በሐምሌ 2009 እ.ኤ.አ. ከግቢው ሆኖ ጁፒተር ላይ አዲስ ጥቁር ጠባሳ አየ። አንድ የሰማይ አካል ከፕላኔቷ ጋር ተጋጭቶ ነበር። ባለሙያዎቹ በትልልቅ ቴሌስኮፖች አረጋገጡት። ምስሉ በማሳመር የተበላሸ ቢሆን ኖሮ ማን ያምነው ነበር?

ከሰኔ እስከ መስከረም ደመናው አያሠራችሁም። እስከዚያው ሌሎች በነፃ የለቀቁትን ቪዲዮ አውርዳችሁ መደራረቡን ተለማመዱ። ጥቅምት ሲገባ ሜዳው ላይ በፕሮግራም ስትደናበሩ ምሽቱ አይለፍባችሁ።